ዘሩ ከወረቀቱ ቀድሞ ሲሄድ

አንድ ቁጥር ካነበብኩት ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል፦ 1,440 ኪሎ። በ2003 የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ላረንስታይን ከተባለው የኔዘርላንድስ የግብርና ኮሌጅና ኤስ ኤንድ ሲ ከተባለ የዚያው አገር ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይዞ ወደዚያ የላከው የጤፍ ዘር መጠን ነው። የተላከውም «ለምርምርና ልማት» ተብሎ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከኢትዮጵያ አዋጅና ደንብ ቁጥሮች በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቀጥሎ በኔዘርላንድስ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ተጠይቆ የመጣውን ጣጣ ሁላችንም ሰምተናል፤ ተቆጭተናል፤ «ጤፋችንን ወሰዱብን» ብለናል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ከጣጣው በፊት ያለው ነው። ለምርምር ከሆነ 1,440 ኪሎ ጤፍ ምን ያደርጋል?

ሒሳቡን እንሥራው። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ወደ 3,000 ፍሬ ይገኛል። ተመራማሪ ዝርያዎችን ሲያወዳድር ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ መደብ ላይ ይዘራል። በሄክታር 15 ኪሎ ቢታሰብ ለአንድ መደብ የሚበቃው 6 ግራም ነው። 12 ዝርያ በአራት ድግግሞሽ በአምስት ቦታ ይሞከር ብንል 240 መደብ ይወጣል። 240 በ6 ሲባዛ 1,440 ግራም ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። የተላከው የዚህ ሺህ እጥፍ ነበር።

በገበሬ ሒሳብ ደግሞ እንየው። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይበቃል፤ 1,440 ኪሎ ወደ 50 ሄክታር ይሸፍናል። በመስመር፣ በ5 ኪሎ ቢዘራ ደግሞ ከ280 ሄክታር ያልፋል። ይህ የላቦራቶሪ መጠን አይደለም፤ የእርሻ ሥራ መጀመሪያ መጠን ነው። ማንም የሌሊት ሌባ አጥር አልዘለለም፤ ቁልፍ አልሰበረም። ዘሩ የሄደው በቀን፣ በሰነድ፣ በወዳጅነት ነው።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ጥበቃ ሳስብ ሁልጊዜ ወደዚህ ቁጥር የምመለሰው ለዚህ ነው። ጥበቃ ሲባል ካሜራ፣ ዘበኛ፣ የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ ይታየናል። እነሱም አሉ፤ እመጣባቸዋለሁ። ነገር ግን ምርምር በብዛት የሚጠፋው በርክክብ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ናሙናው ሲላክ፣ ፋይሉ ሲያያዝ፣ ተማሪው ሻንጣውን ሲዘጋ። «አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሦስት ቀኖች

የጤፉን ጉዳይ በቀን ቅደም ተከተል ስደረድረው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልኛል። ጁላይ 22 ቀን 2003፦ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ በኔዘርላንድስ ገባ። ኤፕሪል 2005፦ በጊዜው የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ የግብርና ምርምር ድርጅቱ እና ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ የጥቅም ተጋሪነት ውል ፈረሙ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2007፦ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን መካከል ከ20 ወር በላይ አለ። እኔ የምቆመው እዚህ ላይ ነው። ተቀባዩ በዘሩና ከዘሩ በሚወጣው ነገር ላይ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል በዝርዝር የሚያስር ውል የተፈረመው የፓተንት ማመልከቻው ከገባ ከ20 ወር በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ውሉ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም በጊዜው ለሌሎች አገሮች አርአያ ይሆናል ተብሎ ተሞግሷል። ኩባንያው በጤፍ ዘረመል ሀብት ላይ የአእምሯዊ ንብረት መብት እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ባህላዊ ዕውቀቱ የኢትዮጵያ ሆኖ ይቆያል ይላል። ከተጣራ ትርፍ 5 በመቶ፣ በዓመት ከ20,000 ዩሮ ሳያንስ፣ ለጤፍ ልማት ወደሚቋቋም ፈንድ እንዲገባ ያዛል። ከዘር ሽያጭ የተጣራ ትርፍም 30 በመቶ ድርሻ አለው። ታዲያ ኢትዮጵያ እጅ የገባው ስንት ሆነ? 4,000 ዩሮና በአጭሩ የተቋረጠ አንድ የምርምር ሥራ። ኩባንያው በኦገስት 2009 ኪሳራ ታወጀበት። ፓተንቱ ግን ከኩባንያው ጋር አልከሰረም፤ ወደ ሌላ ድርጅት ተዛወረ። ውሉ ያንን ድርጅት አላሰረውም።

እያንዳንዱ ቀዳዳ ትምህርት አለው። ውሉ የጠበቀው ዘሩን ነው፤ ፓተንቱ የያዘው ዱቄቱን ነው። ክፍያው የታሰረው በተጣራ ትርፍ ነው፤ ትርፍ የሌለው ድርጅት ደግሞ ከዜሮ 5 በመቶ ነው የሚከፍለው። የፈረመው አንድ ኩባንያ ነው፤ መብቱን የተረከበው ሌላ ሆነ።

ሰባት ግራም ዱቄት

ፓተንቱ ምን እንደጠየቀ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መከላከያውም እዚያው ውስጥ ነው። የተጠየቀው መብት በሚፈጭበት ጊዜ «ፎሊንግ ነምበር» የሚባለው መለኪያው ቢያንስ 250 ከሆነ የጤፍ እህል በሚገኝ ዱቄት ላይ ነው። እህሉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ሲቀመጥ ይህ መለኪያ ከፍ ይላል፤ ዱቄቱም ለመጋገር ይመቻል የሚል ነው ሐሳቡ።

ፎሊንግ ነምበር ረቂቅ ነገር አይደለም። 7 ግራም ዱቄት 25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ባለበት የመስታወት ቱቦ ይገባል፤ ይናጣል፤ ቱቦው የሚፈላ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማማሰያው ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደላይ ወደታች ያማስላል፤ ከዚያ ይለቀቃል። ማማሰያው በወፈረው ገንፎ ውስጥ እስኪሰምጥ ያለው ጊዜ፣ ከጅምሩ ተቆጥሮ፣ በሰከንድ ይነበባል። ስታርች የሚሰባብረው ኤንዛይም ከበዛ ገንፎው ቶሎ ይቀጥናል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። የስንዴ ዱቄት ፋብሪካዎች ዘወትር የሚለኩት ነገር ነው።

እስቲ እናስበው፤ ከጁላይ 2003 በፊት አንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ማዕከል የጥቂት የጤፍ ዝርያዎችን ፎሊንግ ነምበር በታጨዱበት ሳምንት፣ በአራተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ለክቶ፣ ሠንጠረዡን ቀን ባለው መጽሔት ላይ አትሞ ቢሆን ኖሮ ያ ጥያቄ አዲስነት አይኖረውም ነበር። አንድ የምግብ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በሁለት ወር የሚጨርሰው ሥራ ነው። ምስጢር መጠበቅ አንድ የጥበቃ መንገድ ነው፤ ቀን ያለው፣ ሊገኝ የሚችል ኅትመት ሌላው ነው። በእኛ አገር ሁለተኛው ተረስቷል ባይ ነኝ።

በመጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 21 ቀን 2018 ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው፤ የፈጠራ ደረጃ የለውም፣ ማለትም ለሙያው ሰው ቀድሞ ከሚታወቀው አይርቅም ብሎ። ሙግቱን ያስነሳችው ኢትዮጵያ አልነበረችም። የፓተንቱ ባለቤት የሆነው ድርጅት አንድ የዳቦ ግብዓት ኩባንያን ከሶ፣ ተከሳሹ «ፓተንቱ ራሱ አይጸናም» ብሎ በመከራከሩ የመጣ ፍርድ ነው። ያ የአውሮፓ ፓተንት ከተሰጠ በኋላ በየአገሩ ተነጥሎ ይቆም ስለነበር የሄግ ፍርድ በሌሎች አገሮች ያለውን አልነካም።

ስለዚህ ለማንኛውም ውጤት አስቀድሞ መወሰን ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ፓተንት ይጠየቅበት ወይስ ይታተም? ፓተንት ከሆነ ማመልከቻው ከማንኛውም ወሬ ይቀድማል። በአውሮፓ ሕግ ተመራማሪው ራሱ በጉባኤ ፖስተር ላይ ያሳየው፣ በአብስትራክት ያወጣው፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዘና ላይ ያቀረበው ሁሉ አዲስነቱን ያጠፋበታል። አሜሪካ የአንድ ዓመት ዕድል ትሰጣለች፤ አውሮፓ አትሰጥም። የጉባኤውን ስላይድ በቴሌግራም ቻናል ላይ መለጠፍም ይፋ ማድረግ ነው። ተማሪው ጽሑፉን ማቅረብ ግድ ከሆነበት ምዘናው በዝግ ይካሄድ፤ በቦታው ያሉት ሁሉ የምስጢር ግዴታ ይፈርሙ፤ ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ታግዶ ይቆይ።

ኅትመት ከተመረጠ ደግሞ በደንብ ይታተም። አማካይ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውና ከፍተኛው ይጻፍ፤ የአሠራሩ ሙቀት፣ ጊዜ፣ መጠን ይዘርዘር፤ ሊውልባቸው የሚችሉ ሌሎች ጥቅሞችም በአንድ አንቀጽ ይካተቱ። የእንዶድ ታሪክ ይህን ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ከዚያም በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን ለመከላከል ለዓመታት መሥራታቸው ይታወቃል። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ታትሟል። በ1990ዎቹ ግን የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የሰሜን አሜሪካ ሐይቆችን የውኃ ቱቦ በሚደፍን ሌላ ዛጎል ለበስ ፍጥረት ላይ የመጠቀሚያ ዘዴ ብሎ ፓተንት አገኘበት። የፓተንት መርማሪ የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ ሊጻፍ ሲችል የቀረ ጥቅም ለቀጣዩ አመልካች ክፍት ሆኖ ይቆያል።

በመደርደሪያ ላይ ብቻ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሁለቱም አይደለም። ተመራማሪው ፓተንት እንዳይጠይቅ ይከለክለዋል፤ ሌላው እንዲጠይቅ ግን ይተወዋል፤ መርማሪው አዲስ አበባ ወይም ሐረማያ ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጥቶ አያገላብጥምና። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያከማቿቸው የቆዩ ጽሑፎች በቀናቸው፣ በአብስትራክታቸውና በቁልፍ ቃላቸው ኢንተርኔት ላይ ቢወጡ ከብዙ ጠበቃ ይበልጣሉ።

ቀኑን የሚያረጋግጠው የቤተ ሙከራ መዝገብ ነው። የተጠረዘ ደብተር፣ ገጹ ቁጥር ያለው፣ በእስክሪብቶ የሚጻፍ። የተሳሳተ ቃል በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ በነጭ ቀለም አይሸፈንም፤ አጠገቡ ፊርማና ቀን ይኖራል። ባዶ የቀረ ቦታ በሰያፍ መስመር ይዘጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ በሥራው ውስጥ የሌለ ነገር ግን የሚረዳው ሰው «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ዋናው ነገር ደብተሩ የዩኒቨርሲቲው መሆኑ ነው። ተማሪው ሲመረቅ ቅጂ ይዞ ይሄዳል፤ ዋናው እዚያው ይቀራል። ብዙ ቦታ ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጥሬ መረጃው በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ይወጣና ከሁለት ዓመት በኋላ አማካሪው ራሱ ሊያገኘው አይችልም።

ውሉ ውስጥ መግባት ያለበት

የናሙና ማስተላለፊያ ውል የሚባለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከተቀባዩ በኩል ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የእኛ ሰው ይፈርማል። ተቀባዩ ያረቀቀው ውል ተቀባዩን ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ የራስ ቅጽ ይኑር፤ ሁለት ገጽ ይበቃል።

መጠኑ በግራም ወይም በፍሬ ቁጥር ይጻፍ፤ ለምን ያ መጠን እንዳስፈለገም በአንድ መስመር ይገለጽ። ለዘረመል ትንተና ከሆነ ጥቂት ግራም ዘር ወይም በሲሊካ ጄል የደረቀ ቅጠል በቂ ነው፤ ኪሎ የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። ሥራው በስም ይጠቀስ፤ «ለምርምርና ልማት» የሚል ሰፊ ቃል አይግባ፤ «ልማት» ሽያጭን ሊጨምር ይችላልና። ክልከላው ዘሩን ብቻ ሳይሆን ከዘሩ የተገኘውን ማንኛውንም ነገር ያካትት፦ ዱቄት፣ ቅምር፣ የዘረመል ቅደም ተከተል መረጃ፣ የአሠራር ዘዴ። የቅደም ተከተል መረጃው በዓለም አቀፍ ቋት ላይ ከመጫኑ በፊት ላኪው በጽሑፍ ይስማማ፤ የመጣበት አገርም በመዝገቡ ላይ ይጠቀስ። ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ይከልከል። ግዴታው ለወራሽና መብቱን ለሚረከብ ድርጅት ሁሉ ይተላለፍ፤ ፓተንት ቢኖር ደግሞ በኪሳራ ጊዜ ወደ ላኪው እንዲመለስ ይጻፍ። ክፍያ ካለ ከጠቅላላ ሽያጭ እንጂ ከተጣራ ትርፍ አይታሰብ። የተረፈው ናሙና መቼ እንደሚወገድ ወይም እንደሚመለስ ቀን ይቀመጥለት።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 482/1998 እና ደንብ ቁጥር 169/2001 የዘረመል ሀብትን ለማግኘትም ሆነ ከአገር ለማውጣት ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋሉ። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ሰብሉ ራሱ ወረቀቱን ይለውጠዋል። ማሽላ፣ ስንዴና ገብስ ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ስምምነት ሲጸድቅ በያዘው ዝርዝር ውስጥ ስለገቡ መደበኛ የማስተላለፊያ ውል ተዘጋጅቶላቸዋል። ጤፍ፣ ቡናና እንሰት ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። የማሽላውን ቅጽ ቀድቶ ለእንሰት መጠቀም አይሆንም።

አውሮፓ ለሚማሩ ወገኖች ደግሞ ይህን እላለሁ። የዶክትሬት ተማሪ ግማሹን ጊዜ እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ሲያሳልፍ ናሙና በሻንጣ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። ችግሩ እዚህ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 511/2014 ናሙናውን የሚጠቀመው ላቦራቶሪ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን እንዲያጣራና ሰነዱን ሥራው ካበቃ በኋላ ለ20 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። ኢትዮጵያ የዘረመል ሀብት አገኛኘትንና የጥቅም ተጋሪነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ አባል ናት፤ ፕሮቶኮሉም ከኦክቶበር 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አማካሪው ፕሮፌሰር «ወረቀቱ ይቅር» ቢል ራሱን ነው ለጣጣ የሚዳርገው። ወረቀት መጠየቅ ወዳጅን መጠርጠር እንዳይመስለን፤ ለእሱም መድኅን ነው።

የሐሰት የቤተ መጻሕፍት ገጽ

ኔዘርላንድስን ካነሳሁ አይቀር፣ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ የደረሰበትን ሳይደብቅ ለዓለም አካፍሏል፤ ይህን አደንቃለሁ። ኦክቶበር 15 እና 16 ቀን 2019 ሠራተኞች በኢሜይል የመጣ ማያያዣ ከፈቱ። ሰርጎ ገቦቹ ከሁለት ወር በላይ በዝምታ በኔትወርኩ ውስጥ ተንቀሳቀሱ። ዲሴምበር 23፣ ሰው ሁሉ ለገና ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ 267 ሰርቨሮችን ቆለፉ። ዩኒቨርሲቲው 30 ቢትኮይን፣ በጊዜው ወደ 200,000 ዩሮ፣ ከፈለ። ለምን ከፈለ? የአንዳንድ ዋና ዋና ሥርዓቶች ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ከዚያው ኔትወርክ ጋር የተገናኘ ስለነበር አብሮ ተቆለፈ።

ይህን ለእኛ ላቦራቶሪ ስንመልሰው ቀላል ነው። የመረጃው ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። አንድ ውጫዊ ዲስክ በየሳምንቱ ይሰካል፤ ቅጂው ሲያልቅ ይነቀላል፤ በቁልፍ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ባክአፕ አይደለም። በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል ከዲስኩ አውጥቶ መክፈት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ባክአፑ የማይከፈት መሆኑን የሚያውቀው በጠፋበት ቀን ነው። መሣሪያ የሚያንቀሳቅሱ አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ዝማኔ የማይቀበሉት፣ ከኢንተርኔት ይነቀሉ። መረጃ ማውጫውም አንድ ለዚያው ብቻ የተመደበ ፍላሽ ይሁን፤ ተመልሶ ከመሰካቱ በፊት ይፈተሽ።

ሌላው መንገድ የይለፍ ቃል ነው። በማርች 2018 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በዘጠኝ ኢራናውያን ላይ በመሠረተው ክስ እንደተዘረዘረው 144 የአሜሪካና በሌሎች 21 አገሮች ያሉ 176 ዩኒቨርሲቲዎች ተጠቅተዋል፤ ከ100,000 በላይ ፕሮፌሰሮች ዒላማ ሆነዋል፤ ወደ 8,000 የሚጠጋ አካውንት ተከፍቷል፤ ከ31 ቴራባይት በላይ መረጃ ወጥቷል። ዘዴው ግን ያስገርማል። ኢሜይሉ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የመጣ ይመስላል፤ «ጽሑፍዎን አንብቤ ወድጄዋለሁ፤ ተያያዥ ጽሑፎች እነሆ» ይላል። ማያያዣው ሲነካ የራስን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚመስል ገጽ ይመጣል፤ ሰውየውም ድንገት ከሥርዓቱ የወጣ መስሎት ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይጽፋል። ምሁሩን ያጠመዱት ጽሑፉ ተነበበልኝ በሚል ደስታው ነው። ጽሑፉ ከሩቅ አገር ሲጠቀስለት የማይደሰት ማን አለ?

መከላከያው ደስታን መግታት አይደለም። የቤተ መጻሕፍቱን አድራሻ በራስ ብራውዘር አስቀምጦ ሁልጊዜ ከዚያ መግባት፣ ከኢሜይል ማያያዣ ፈጽሞ አለመግባት ነው። የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ያለው ሰው ሌላ ጥቅም አለው፤ ፕሮግራሙ አድራሻው ከማያውቀው ገጽ ላይ ቃሉን በራሱ አይሞላም፤ አለመሙላቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛ ማረጋገጫ በስልክ ላይ ባለ የኮድ መተግበሪያ ይጨመር። ላፕቶፑ ዲስኩ የተመሰጠረ ይሁን፤ በታክሲ ቢረሳ ዕቃው እንጂ መረጃው አይጠፋም።

ከሰው የተሰበሰበ መረጃ የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በግል መረጃ ጥበቃ ላይ ግዴታ ጥሏል። ስሙንና ስልኩን የያዘው ዝርዝር ከመልሱ ፋይል ተለይቶ፣ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ፤ መልሱ ላይ ኮድ ብቻ ይኑር። የቃለ መጠይቅ ድምፅ በቴሌግራም ግሩፕ አይላክ። ተቀባዮቹ ቢታመኑም፣ ፋይሉ ከዚያ በኋላ በየስልኩ ይቀራል፤ ግጭት ካለበት አካባቢ የተናገረች እናት ድምፅ በማን እጅ እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ያልታተመ ረቂቅንም ለማረም ብሎ በማይታወቅ ነጻ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ መለጠፍ ከርክክብ አይለይም።

ስለ አላግባብ መጠቀም ጥቂት ልበል፤ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ገና ብዙ ስለማይነሳ። የወባ ትንኝ መከላከያ ኬሚካል፣ የእንስሳት በሽታ ተሕዋስ፣ ድሮን ላይ የሚሠራ ጥናት ሁለት ዓይነት ጥቅም፣ ለበጎም ለጉዳትም፣ ሊኖረው ይችላል። በ2012 የኔዘርላንድስ መንግሥት በሮተርዳም የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ላይ የተሠራ ጥናት ወደ ውጭ አገር መጽሔት ከመላኩ በፊት የኤክስፖርት ፈቃድ እንዲወጣለት አስገድዷል፤ ፈቃዱም ተሰጥቶ ጽሑፉ ታትሟል። ያው አገር በጃንዋሪ 2022 ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ውጭ ትብብር ስጋት የሚጠይቁበት አንድ የምክር መስኮት ከፍቷል። ፕሮፌሰሩ ብቻውን የማያውቀውን የሚጠይቅበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ጥያቄው «ሰውየው የየት አገር ነው?» መሆን የለበትም፤ በዜግነት ብቻ የሚጠረጥር ጥበቃ ቅን ተመራማሪውን ያባርራል፤ ሌላውን አይዝም። የሚጠየቀው «ምን ይሄዳል? ስንት ይሄዳል? የመጨረሻ ተጠቃሚው ማነው? ገንዘቡን ማን ይከፍላል?» ነው።

ለአንድ ትምህርት ክፍል ከየት ይጀመር ቢባል፣ ከመሳቢያው ነው የምለው። ባለፉት አሥር ዓመታት ወደ ውጭ የተላኩ ናሙናዎች ዝርዝር ይውጣ፤ ምን፣ ስንት ግራም፣ መቼ፣ ለማን፣ በየትኛው ወረቀት። ወረቀት የሌላቸው ይለዩ። ለእያንዳንዱ ተቀባይ አንድ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ከናሙናው ምን ያህል ቀረ፣ ለሌላ ተላልፏል ወይ፣ ከእሱ የወጣ ኅትመት ወይም የፓተንት ማመልከቻ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ። የአውሮፓዎቹ ላቦራቶሪዎች የራሳቸው የሰነድ ግዴታ ስላለባቸው አብዛኞቹ መልስ ይሰጣሉ። ከዚያም የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በነጻ በሚያቀርበው «ኤስፓሴኔት» በተባለው መፈለጊያ የሰብሉ ሳይንሳዊ ስምና የተቀባዩ ተቋም ስም አንድ ላይ ይፈለግ። የአውሮፓ ማመልከቻ ከመጀመሪያው የማመልከቻ ቀን ከ18 ወር በኋላ ይፋ ስለሚወጣ ፍለጋው በየስድስት ወሩ ይደገም። አጠያያቂ ፓተንት ከተገኘ፣ መስጠቱ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ባሉት ዘጠኝ ወራት ውስጥ በዚያው ቢሮ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ፍርድ ቤት መሟገት ነው፤ ብዙ ጊዜም በየአገሩ ፍርድ ቤት፣ በየአገሩ ጠበቃ፣ አንድ በአንድ።